የምክር ቤታችን ውሳኔ ለምን ግማሹ ብቻ ይደርሰናል?

የገበያ ሰፈር ልጅ (እሑድ፣ ከቀኑ 9:20)

እንደምን ሰነበታችሁ የአገሬ ልጆች? የከተማዬን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የኛ ብቻ አይመስለኝምና። ከደጀን ተነስታችሁ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጂጋ፣ በማንኩሳ እያላችሁ እስከ ዳንግላ አስፋልቱን ብትይዙ የኛን የምትመስል ከተማ ብዙ ታገኛላችሁ። አንድ ዋና መንገድ፣ መናኸሪያ፣ ሳምንታዊ ገበያ፣ ማዘጋጃ ቤት። ምክር ቤትም አለ። ምክር ቤቱ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻው መደበኛ ጉባኤ በታዛቢነት ገብቼ ነበር። ከተመራጮቹና ከጽሕፈት ቤት ኃላፊዎቹ ሌላ የመጣ ነዋሪ በጣት የሚቆጠር ነው። አጀንዳው ግን የሁላችንም ኑሮ ነበር። የጎርፍ ቦይ፣ የባጃጅ መቆሚያ፣ የቦኖ ውሃ ዋጋ፣ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጥ የመሥሪያ ቦታ፣ የከብት ገበያው መዛወር።

የከብት ገበያውን ነገር ላውራችሁ። አሁን ያለው አስፋልት ዳር ነው። በገበያ ቀን በሬና አይሱዙ ይጋፋሉ። ስለዚህ በቄራው በኩል ወዳለው ሜዳ ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሁሉም ሊስማማ ሲል አንድ አዛውንት ተመራጭ ተነሡ። ገበሬው ከብቱን ከሩቅ ነድቶ መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ ውሃ የሚያጠጣው ከየት እንደሆነ ጠየቁ። ባለሙያው ቦታው ላይ ውሃ እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው፤ ገበያው ይዛወር፣ ነገር ግን መጀመሪያ የውሃ ገንዳና ከመኪና ማራገፊያ ይሠራለት። እንዲህ ያለ ክርክር በከተማችን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ኮራሁባቸው።

ከዚያስ? በሳምንቱ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እየዞረ የከብት ገበያው መዛወሩን አወጀ። ስለ ገንዳው አንድም ቃል የለም። ገበሬው ከብቱን ነድቶ መጣ። ከአስፋልቱ ዳር አንሡ ተባለ። ሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ዋለ። ውሃ የለ፣ ጥላ የለ። ሰው ሁሉ ምክር ቤቱን ሲያማርር ዋለ። ምክር ቤቱ እኮ እንዲህ አልወሰነም!

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ውሳኔው ከነቅድመ ሁኔታው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለምን በማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም? የናንተ ከተማ ይለጥፋል?

ጡረተኛው መዝገብ ቤት (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:05)

ልጄ፣ ደህና ነገር አንሥተሃል። እኔ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የምታወራውን ወረቀት በእጄ ስይዘው የኖርሁት ነው።

ቃለ ጉባኤ ቶሎ የማይወጣበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ። ጸሐፊው በጉባኤው ላይ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ ያስተካክለዋል፣ ያስጽፈዋል። የሚጸናው ግን በሚቀጥለው ጉባኤ ተነብቦ ሲጸድቅ ነው። የየጉባኤው መጀመሪያ አጀንዳ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ መርምሮ ማጽደቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጉባኤው ደግሞ በየሳምንቱ የሚጠራ አይደለም። እስኪጸድቅ ብትጠብቅ ያንተ የከብት ገበያ ተዛውሮ፣ ሰው ተጣልቶ፣ ክረምቱም ገብቶ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ለመዝገብ ተወው። የውሳኔ ማጠቃለያ ጠይቅ። ውሳኔ ድምፅ ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ውሳኔ ነው። ማን ምን አለ የሚለው እስኪጣራ መቆየት ይችላል። ምን ተወሰነ የሚለው ግን አፈ ጉባኤው ፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት በማግስቱ ሊወጣ ይችላል። አንድ ገጽ ይበቃዋል።

የቆየውንም ላስታውስህ። በ1937 ዓ.ም በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ዘመን በከተማ ምክር ቤት የሚመረጠው በከተማው ውስጥ ቤት ንብረት ያለው ሰው ነበር። ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጠላ ሻጯ ቦታ አልነበራቸውም። ከዚያ ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ ገባ። ቀበሌ ብዙ በደል የተፈጸመበት ቤት ነው፤ አልክድም። ስብሰባው ግን ደጅህ ላይ ነበር። ምን እንደተወሰነ የማይሰማ አልነበረም። ዛሬ የመምረጥ መብቱ ለሁሉም ሆኖ ሳለ የሚደርሰን ወሬ ከመኪና ላይ የሚጮኸው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቦይ ዳር (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40)

ይቅርታ አድርጉልኝና ወረቀት ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይጠቅመናል? እኔ የምኖረው ቦዩ ዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ቤቴ ጎርፍ ይገባዋል። የልጆቼን ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ጭኜ ነው የምናድረው። በየዓመቱ ይሠራል ይባላል። እኔ የምፈልገው ቦይ ነው። ወረቀቱን ማን ያነበዋል?

ቀያሹ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15)

ቦይ ዳር፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። እኔ የመሠረተ ልማት ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራውም ሌላ የጎጃም ከተማ ነው። ግን ቦይህ ያልተሠራው ወረቀቱ ስላልተለጠፈም ሊሆን ይችላል። ላስረዳህ።

የአንድ ቦይ ሥራ በምክር ቤት የሚጸድቀው ከዓመቱ የካፒታል በጀት ጋር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ በሐምሌ ይጸድቃል እንበል። ክረምቱ ያኔ ገብቷል፤ መሬቱ ጭቃ ነው፤ ቁፋሮ አይሞከርም። ጨረታው ተዘጋጅቶ፣ ወጥቶ፣ ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ኅዳርና ታኅሣሥ ይደርሳል። ለሥራ የሚመች ደረቅ ወራት የሚቀሩን እስከ ሚያዝያ ነው። በመሐል አንድ ነገር ከዘገየ፣ ሲሚንቶ ከጠፋ ወይም የወሰን ክርክር ከተነሣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ይቀድመናል። ሰኔ 30 በጀቱ ይዘጋል። ያንተ ቦይ እንደገና ለሐምሌ ይጻፋል።

አሁን ነዋሪው በጥቅምት ወር ሰሌዳው ላይ «የቦዩ ጨረታ እስከዚህ ቀን ይወጣል» የሚል ቢያነብ፣ በኅዳር ሄዶ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይችላል። በሐምሌ ቤትህ ጎርፍ ሲገባ ብትጮህ ግን የዚያ ዓመት ነገር አልፏል። መጠየቂያው ጊዜ ኅዳር ነው።

በ2010 ዓ.ም የጸደቀውን የዓለም ባንክ የከተሞች ፕሮግራም የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። 117 ከተሞች ተካተውበት ነበር። ብዙ ኮብልስቶንና የጎርፍ ቦይ የተሠራው በዚያ ነው። ከተሞቹ ገንዘቡን የሚያገኙት እየተመዘኑ ነበር፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ግልጽነትና ተጠያቂነት ነው። ያኔ ዕቅድና ሪፖርት ሲለጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ መለጠፍ አዲስ ነገር ወይም የማይቻል ነገር አይደለም። ትንንሾቹ ከተሞች ግን አብዛኞቹ ከ117ቱ ውጪ ስለቀሩ ልማዱ አልደረሳቸውም።

የቆጣሪ ሒሳብ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30)

የቦኖ ውሃ ዋጋ ስለተነሣ እኔም ልግባ። በአንዲት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ።

የውሃ ዋጋ በኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚታየው በውሃ ቦርዱ ነው። ቦርዱ የአገልግሎቱን ወጪ ያያል። መብራት፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ ክሎሪን፣ የፓምፕ ጥገና፣ የሠራተኛ ደሞዝ። በየመንገዱ ከተሰነጠቀ ቧንቧ የሚፈሰውም ውሃ ወጪ ነው፤ ተገፍቶ ወጥቶ ያልተሸጠ ውሃ ነውና። ከዚያ ታሪፉ ይወጣል።

ሰው ግን የሚሰማው «ውሃ ሊጨምር ነው» የሚለውን ብቻ ነው። የማን ውሃ? በቆጣሪ ስንቆጥር በሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ስታካፍሉት 50 ጀሪካን ይሆናል። ቆጣሪ የሌላት እናት ከጎረቤት ጀሪካኑን በ2 ብር ገዛች እንበል። ሜትር ኩቡ 100 ብር መጣባት ማለት ነው። ግቢው ቆጣሪ ያለው ሰው በኛ ከተማ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚከፍለው። እንግዲህ ቦርዱ የቆጣሪውን ታሪፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ ለድኻው ሰፈር ቦኖ ይከፈት ብሎ ቢወስን፣ ውሳኔው ለማን እንደሚጠቅም አያችሁ? ሰው ግን ይህን የሚያይበት ወረቀት የለውም። ጭማሪውን ብቻ ሰምቶ ይቆጣል። የሚቆጣውም ብዙ ጊዜ ቆጣሪ ያለው ነው፤ ድምፁ ይሰማልና። ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው እናት መኖሯን የሚያስታውስ የለም።

ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ሒሳቡ ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር መለጠፍ እንዴት ያቅተናል?

የሽንኩርት ነጋዴዋ (ሰኞ፣ ከቀኑ 8:10)

ወንድሞቼ፣ ሰሌዳ ሰሌዳ ትላላችሁ። ሰሌዳው ያለው ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉሊት የተቀመጠች ሴት እዚያ ምን ልታደርግ ትገባለች? ደግሞ እናቴን የመሰሉ ማንበብ የማይችሉ ብዙ አሉ። ከብት ነድቶ የሚመጣው ገበሬም እንደዚያው።

ስብሰባውም ቢሆን በሥራ ሰዓት ነው። እኔ አንድ ቀን መደቤን ከዘጋሁ የዚያ ቀን ራት ጎደለ ማለት ነው። ዕቁብም አለብኝ። ስለዚህ «ሕዝቡ አይመጣም» የሚሉት እውነት ቢሆንም ለምን እንደማይመጣ አይጠየቅም።

መኪናውና ማጉያው እንደሁ አለ። ያው መኪና ውሳኔውን ሳይቆርጥ ያንብበው። የተጻፈውን፣ እንዳለ። ገበያ መሐል ቆሞ፣ ቀስ ብሎ። እኛ እየሸጥን እንሰማለን።

የገበያ ሰፈር ልጅ (ሰኞ፣ ከቀኑ 9:00)

እቴ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር። በጣም ጥሩ ነው። ወረቀቱ ይጻፍ፤ መኪናው ያንኑ ወረቀት ያንብብ። ያኔ ገንዳው ተቆርጦ አይቀርም።

የ2005 ተመራጭ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20)

ስሜን ባልገልጽ ደስ ይለኛል። እኔ የአንዲት ከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። የተመረጥሁት በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ነው። የሥራ ዘመናችን አምስት ዓመት ነበር። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2013 የተመረጡት ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ የኛ ዓይነት ከተማ ምክር ቤት አልነበረበትም። ስለዚህ ያው እኛው አለን። አብረውኝ ከተመረጡት የሞቱ አሉ፣ ሥራ ለውጠው የሄዱ አሉ። ምልዓተ ጉባኤ ለመሙላት ከግማሽ በላይ መገኘት አለብን። ሰው እየደወልን እየለመንን የምንሰበሰብበት ቀን አለ። ጸጥታው ሲታወክና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጉባኤው ከነጭራሹ ይተላለፋል።

ይህን የምነግራችሁ ለማማረር አይደለም። ተመራጭ በየአምስት ዓመቱ ሕዝብ ፊት ቆሞ ካልተመዘነ፣ በመሐል ያለችው ወረቀት የበለጠ ታስፈልጋለች ለማለት ነው። ሕዝቡ እኛን የሚመዝንበት ሌላ ነገር የለውም።

በኛ በኩል ያለውንም ልናገር። ደሞዝ የለንም፤ የስብሰባ ቀን አበል ነው የሚሰጠን። የከንቲባው ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚደርሰን በጉባኤው ዕለት ጠዋት ነው። ወፍራም ሪፖርት አንብቦ፣ በጀት አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ እጅ አውጣ ይባላል። ቋሚ ኮሚቴዎች አስቀድመው ወርደው ካላዩት በቀር ጥያቄው ላይ ላዩን ይሆናል። አዛውንቱ ስለ ውሃ የጠየቁት ሪፖርት አንብበው አይመስለኝም። ከብት ነድተው ስለሚያውቁ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በምክር ቤት ውስጥ መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። የጠየቁት ጥያቄ በማጉያ ቢነበብ ሌላውም ይነቃቃ ነበር።

ውሳኔ አፈጻጸም ላይ ሲቆረጥ እኛም እንደናንተ ነው የምንሰማው። እኔ ራሴ የወሰንሁበትን ነገር ተለውጦ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁበት ጊዜ አለ። አስፈጻሚው ይቸኩላል፣ ቅድመ ሁኔታው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቀላሉ ግማሽ ይፈጸማል።

የሕግ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:00)

ጨዋታው ግሩም ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይላል። በሕግ የተጠበቁ ምስጢሮች አሉ። የከብት ገበያና የቦይ ውሳኔ ግን ከእነዚያ ውስጥ አይገባም።

በጽሑፍ ጠይቁ። ለተጠየቀው መረጃ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ 30 ቀን ነው። ዝም ከተባላችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ደብዳቤውን ስታስገቡ ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ማስመታት አትርሱ። ያለዚያ መግባቱን የምታሳዩበት ነገር የላችሁም።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:25)

እውነቱን ነው። ቁጥር ያልተመታበት ደብዳቤ በኔም ጊዜ ጠፍቶ የቀረ ብዙ ነው።

የገበያ ሰፈር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30)

እንግዲህ የተባለውን ሁሉ አሰባስቤ ለአፈ ጉባኤው የሚገባ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ከደብዳቤው ጋር የምናያይዘው የማጠቃለያ ናሙና ይህን ይመስላል፦

«ጉዳይ፦ የከብት ገበያ መዛወር። ውሳኔ፦ በቄራው በኩል ወዳለው ሜዳ እንዲዛወር ተወስኗል። ቅድመ ሁኔታ፦ የውሃ ገንዳና ማራገፊያ ሳይሠራ አይዛወርም። ወጪ፦ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ። የሚጠናቀቅበት ቀን፦ ...። ድምፅ፦ ድጋፍ ...፣ ተቃውሞ ...፣ ተአቅቦ ...።»

ለየአጀንዳው እንዲህ ነው። ከሥር ፊርማና ማኅተም። በሦስት ቦታ እንዲለጠፍ ጠይቄያለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ መናኸሪያው በርና የገበያው መግቢያ። በገበያ ቀንም ሳይቆረጥ በማጉያ እንዲነበብ።

ቀያሹ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00)

ወጪ በሚለው ላይ የገንዘቡ መጠንም ይግባ። ምንጩንም ለይታችሁ መጻፋችሁ ጥሩ ነው። የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የቄራ አገልግሎት፣ የቦታና የቤት ግብር የመሳሰለው የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው፤ የከተማው አገልግሎት የሚሠራበት እሱ ነው። የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደሞዝ ግን ከሌላው በጀት ነው የሚመጣው። ሰው ሁለቱን ስለሚቀላቅል «ግብራችን የት ገባ?» ሲል መልሱም ይቀላቀላል። በ2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅም በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ያ ወደኛ ከተሞች ሲወርድ ሰው በቤቱ የከፈለው የት እንደዋለ አጥብቆ ይጠይቃል። ከወዲሁ ቢለመድ ለማዘጋጃ ቤቱም ይበጀዋል።

የ2005 ተመራጭ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35)

አንድ ማሳሰቢያ። የመሥሪያ ቦታ የተሰጣቸው ወጣቶች ጉዳይ ሲለጠፍ የማኅበሩ ስም ይበቃል፤ የየአባሉ የግል መረጃ አይውጣ። የቀረውን እደግፋለሁ። እኔም ይህንኑ ናሙና በከተማዬ ለአፈ ጉባኤያችን ይዤ እቀርባለሁ። አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ አብረውኝ የሚጠይቁ ተመራጮችም አነጋግራለሁ።

ቦይ ዳር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10)

ስለ ኅዳሩ የተጻፈውን ደግሜ አነበብሁት። ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ደብዳቤው ላይ እፈርማለሁ። ግን ናሙናው ላይ ቀኑ አለ እንጂ የሚጠየቀው ሰው የለም። ቀኑ ካለፈ የትኛውን በር ነው የማንኳኳው? እሱ ይጻፍ።

የገበያ ሰፈር ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25)

ተጨምሯል። «ፈጻሚ ጽሕፈት ቤትና ኃላፊ» የሚል መስመር ከቀኑ ቀጥሎ አስገብቻለሁ። የቦዩንም ውሳኔ በዚሁ ደብዳቤ ጠይቀናል። ሐሙስ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ። መፈረም የምትፈልጉ የሰፈሬ ልጆች ረቡዕ ማታ ከዕድሩ ቤት አትጥፉ።